ስኪፕ ያልመሰከረበት ጉድጓድ

ኤዋርት ታለንታየር ለጥንቸል አደን ሲወጣ የሚያከብራት አንዲት ደንብ ነበረች፦ መጀመሪያ ውሻው ይናገራል፣ ቀጥላ ፌሬቷ ትገባለች፣ ሰው ከሁሉም ኋላ ነው። ደንቧን የወረሰው ከአባቱ ነው። አባቱ በሰሜን እንግሊዝ በቲስ ወንዝ ሸለቆ የድንጋይ አጥር ሲክቡ የኖሩ፣ በብርዱ ወራት ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ጥንቸል እያጠመዱ ስድስት ልጅ ያሳደጉ ሰው ነበሩ።

ውሻው የሚናገረው በእግሩ ነው። በጉድጓዶቹ አፍ ላይ ዞር ዞር ብሎ ያሸታል፤ ውስጥ ጥንቸል ካለ ቀጥ ይልና የፊት ቀኝ እግሩን ያነሣል፣ ዐይኑንም ከጉድጓዱ አይነቅልም። አዳኞቹ ይህን መመስከር ይሉታል። ከመሰከረ በየአፉ መረብ ይዘረጋል፣ ፌሬቷም ትገባለች። ፌሬት ክንድ የማትሞላ፣ እንደ ገመድ የምትተጣጠፍ፣ ጥርሷ መርፌ የሆነ ትንሽ አውሬ ናት፤ ጥንቸሉ ሽታዋ ሲደርሰው ቤቱን ጥሎ ይወጣና መረብ ውስጥ ይገባል። ውሻው ካልመሰከረ ፌሬት አትገባም፤ ሰውም ዕቃውን ሸክፎ ወደ ሌላ ጉድጓድ ይሄዳል።

የኤዋርት ውሻ ስኪፕ በዚያ ጥር አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶታል። እግረ ረጅም፣ ግራጫ፣ አፍንጫው ላይ አሮጌ ጠባሳ ያለበት ሯጭ ውሻ ነው። ዐሥር ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ አልዋሸም። በጥቅምት ግን አንድ ባዶ ጉድጓድ ላይ መሰከረ፤ ፌሬቷ ገብታ ባዶ እጇን ወጣች። በኅዳር ደገመው።

«አልቆለታል» አለ ያን ጊዜ ዴስ ኮለር። ዴስ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ከኤዋርት ጋር ለሠላሳ ዓመት አብሮ አድኗል። ቢርዲ የምትባል የሁለት ዓመት ሴት ውሻ አለችው። «እኔ ክፋት ይዞኝ አይደለም፣ ኤዋርት። አፍንጫው ሄዷል። አንተም መነጽር አድርገህ ነው መረብ የምትፈታው።»

«ሦስተኛ ከደገመው ቤት ይቀራል» አለ ኤዋርት።

ይህን ያለው ቀለል አድርጎ ነው እንጂ ቤት መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የአባቱ ውሻ ዕድሜዋ ገፍቶ በር የተዘጋባት ቀን፣ ከበሩ ሥር ተኝታ ምግብ እምቢ አለች። ሁለት ወር እንኳ አልቆየችም። አባቱ ስለዚያች ውሻ ከዚያ ወዲህ አላወሩም፤ ኤዋርትም አልጠየቀም።

ቅዳሜ ጠዋት መሬቱ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር። ኤዋርት ለሁለቱ ፌሬቶቹ በልክ ቁርስ ሰጣቸው። ጠግባ የገባች ፌሬት እዚያው ትተኛለች፤ ተርባ የገባች ደግሞ ገድላ እየበላች ትቀራለች። የተሻለችዋን፣ ፔግን፣ ጭድ በተነጠፈበት ሣጥን አስገብቶ በትከሻው አነገታት። ስኪፕ መኪናው ላይ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ በሦስተኛው ኤዋርት ከኋላ ደገፍ አደረገው፣ ሁለቱም እንዳልተደጋገፉ ሆኑ።

ዴስ ከእርሻው በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

«ሽማግሌዎቹ መጡ!» አለ። «ስኪፕ የትኛችሁ ነው?»

«ጥርስ ያለው እሱ ነው» አለ ኤዋርት።

የእርሻው ባለቤት እትዬ ሄስተር ሮብሰን ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። በትራቸውን ተደግፈው የስንዴ ማሳቸውን አሳዩአቸው። ከአጥሩ ሥር ጀምሮ ሃያ እርምጃ ያህል ቡቃያው ከመሬት እኩል ተበልቷል።

«እዩልኝ» አሉ፣ «እንደ ምልምል ወታደር ላጭተውኛል። አንድ ማሳ ስንዴ ዘርቼ የማበላው የማንን ልጆች ነው?»

«ዛሬ እናስተካክላቸዋለን፣ እትዬ ሄስተር» አለ ዴስ።

«ባለፈው ዓመትም እንዲሁ ብለኸኝ ሻይዬን ጠጥተህ ነው የሄድከው።»

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉድጓዶች ላይ ስኪፕ ሳያመነታ መሰከረ። ፔግ ገባች፣ ከመሬት ሥር እንደ ሩቅ ከበሮ ያለ ድምፅ ተሰማ፣ መረቦቹ ተወጣጠሩ። ዴስና ኤዋርት እየተንበረከኩ የጥንቸሎቹን አንገት በአንድ ምት ሰበሩ። ስድስት ሆኑ። ማንም ስለ ውሻው አላነሣም።

ከዚያ ከጫካው በታች ወዳለው ተረተር ደረሱ። እትዬ ሄስተር በዋናነት ያማረሩት ይህን ቦታ ነበር። ዐሥራ አራት ጉድጓድ ቆጠሩ፤ በየደጃፉ የጥንቸል በጠጥ ወድቋል፣ ትኩስ ከመሆኑ የተነሣ ያብረቀርቃል። ስኪፕ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ሄደ። መሐል ሲደርስ አንገቱን ወደ ኋላ ሳበ፣ ዞረ፣ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ የድንጋዩ አጥር ሥር ቁጭ አለ። ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

«አድማ መታ» አለ ዴስ።

«ስኪፕ» አለ ኤዋርት። «ና ወዲህ።»

ስኪፕ ጆሮውን ነቅነቅ አደረገ እንጂ አልተነሣም። ዴስ ቢርዲን ለቀቃት። እሷ ገና በሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ቀጥ አለች፤ እግሯ ተነሣ፣ ጅራቷ ተንቀጠቀጠ።

ኤዋርት በጠጡን በጣቱ ፈርክሶ አየው። የዛሬ ጠዋት ነው። እትዬ ሄስተር በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ስኪፕ ካልመሰከረ ፔግ አትገባም። ግን ከፊቱ ያለውን በጠጥ እንዴት አድርጎ አላየሁም ይበል? ፔግን ማስገባት ስኪፕ ላይ መፍረድ ነው፤ አለማስገባት ደግሞ ዐይኑን ጨፍኖ ለወዳጁ ማድላት ሆነበት። ኤዋርት ማድላት አይወድም። እንደ አባቱ አጥር ሲክብ እንኳ ለገዛ ወንድሙ አንድ ስንዝር ድንበር አልጨመረለትም።

«መረብ ዘርጋ» አለ።

በፔግ አንገት ላይ ትንሿን የሬዲዮ ማሰሪያ አጠለቀላት፤ ከመሬት ሥር የት እንዳለች በእጅ በሚያዝ መፈለጊያ የምትታወቀው በዚህች ነው። ከዚያ አስገባት። ደቂቃ ሳይሞላ ሁለት ጥንቸሎች ወጥተው መረብ ውስጥ ተንከባለሉ።

ዴስ አልጨፈረም። ጥንቸሎቹን ከመረቡ ፈታ፣ በእግራቸው አንጠለጠላቸው፣ ወደ ስኪፕ አየ። «እንግዲህ ሦስት ሞላ» አለ ቀስ ብሎ።

«ሞላ» አለ ኤዋርት።

ከዚያ በኋላ ግን ምንም አልወጣም። ዐሥር ደቂቃ ሆነ፤ ሃያ ሆነ። ኤዋርት መፈለጊያውን አውጥቶ ተረተሩ ላይ ተራመደ። ትክ ትክ የሚለው ድምፅ ወደ ላይ፣ ወደ እሾሃማው ቁጥቋጦ ወሰደው። ቁጥሩ አንድ ሜትር አለ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሁለት ተኩል። ለጥንቸል ጉድጓድ ይህ በጣም ጥልቅ ነው። ኤዋርት እሾሁን በክርኑ ገፍቶ ገባ።

ከቁጥቋጦው ጀርባ ሰው በደረቱ ተስቦ ሊገባበት የሚችል ሰፊ ቀዳዳ ነበር። ደጃፉ ላይ አንድ ጋሪ የሚሞላ አፈር ተቆልሏል። አፈሩ ላይ የደረቀ ሣር ተበትኗል፤ ከታች ባለው የአጥር ሽቦ ላይ ጫፉ ነጭ የሆነ ሻካራ ጠጕር ተሰክቷል። የባጀር ቤት ነው። ባጀር ፊቱ ላይ ነጭና ጥቁር መስመር ያለው፣ ሰፊ ጀርባ፣ ጥፍረ ረጅም ቆፋሪ አውሬ ነው። ጥንቸሎቹ በትልቁ ቤት ጓዳ ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩ ዐይነት ነበሩ።

ኤዋርት ተመልሶ ወርዶ ስኪፕን አየው። አፍንጫው ላይ ያለውን ጠባሳ አየ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ስኪፕ ገና የሁለት ዓመት ጎረምሳ ሳለ፣ እንዲህ ባለ ጉድጓድ ራሱን አስገብቶ ፊቱ ተቀዶ ነበር የወጣው። ከዚያ ወዲህ ባጀር ያለበት ቦታ ሲደርስ ርቆ ይቀመጣል። ኤዋርት ጠባሳውን በየቀኑ እያየው ነገሩን ረስቶታል።

«ምንድን ነው?» አለ ዴስ።

«ባጀር።»

ዴስ ቆቡን አውልቆ መልሶ አደረገው። «እሱ እኮ ነግሮን ነበር» አለ።

እትዬ ሄስተር በበትራቸው እየተራመዱ ደረሱና ሰሙ። «አካፋ ጎተራው ውስጥ አለ» አሉ። «እኔ ዐይኔ ደካማ ነው፣ ከዚህ ወዲያ አይታየኝም። ቆፍራችሁ አውጧት።»

«አይሆንም፣ እትዬ ሄስተር» አለ ኤዋርት።

«ማን ያያል?»

«የባጀር ቤት የነካ ይታሰራል። ውሾቹንም ይወስዱብናል። ደግሞም ቤቱ የእነሱ ነው፤ እኔ ነኝ ሳልጠራ የገባሁት።»

«አንተ ሰው ስትባል» አሉ ሴትዮዋ፣ «አባትህም እንዲሁ ነበሩ፤ ለራሳቸው የማይጠቅሙ።» ሄደው ግን ሻይ በፔርሙዝ ይዘው ተመለሱ።

ኤዋርት የፔግን ሣጥን ከገባችበት ጉድጓድ አፍ ላይ ከፍቶ አስቀመጠው፤ ካፖርቱንም አውልቆ ከጎኑ አነጠፈ። የራሷ ጭድና የጌታዋ ላብ ከሸተታት ትወጣ ይሆናል። ሌላ የሚሠራ ነገር የለም። ለምሳው ከያዘው በሊጥ የተጠቀለለ የአሳማ ሥጋ ግማሹን ቆርሶ ለስኪፕ ሰጠው። ስኪፕ እንደ ተገቢ ድርሻው ተቀበለው።

«ገፋፋሁህ» አለ ዴስ፣ ሻዩን እየቀዳ።

«እጄ ነው ያስገባት።»

«እውነቱን ልንገርህ?» አለ ዴስ። «ዛሬ እሱ ልክ ነበር። የጥቅምቱና የኅዳሩ ግን ያው ነው። አንድ ቀን ልክ መሆን አፍንጫ አይመልስም።»

ኤዋርት ይህን አሰበበት። ውሸት የለውም። «ያው ነው» አለ። ስኪፕ ቤት ይቅር ወይስ አይቅር የሚለው ነገር እንዳለ ቀረ።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ከኮረብታው ጀርባ ወረደች። መፈለጊያው ዝም አለ፤ ወይ ባትሪው አልቋል፣ ወይ ፔግ ርቃለች። ሣጥኑንና ካፖርቱን እዚያው ትተው ሄዱ።

እሑድ ማለዳ ኤዋርት ስኪፕን ይዞ ተመለሰ። ካፖርቱ ውርጭ ጠጥቶ እንደ ጣውላ ደርቋል። ሣጥኑ ባዶ ነው፤ ጭዱ እንደተነጠፈ ነው። አንሥቶ በትከሻው አነገተው። ዴስ ቢርዲን ይዞ ከኋላው ደረሰ፤ እመጣለሁ አላለም ነበር።

ቢርዲ ወደ ጉድጓዶቹ ሮጣ ትናንት በቆመችበት ቆመች። ስኪፕ ወደ ተረተሩ አልቀረበም። የማሳውን ዳር ይዞ፣ አፍንጫውን መሬት አስነክቶ፣ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ቁልቁል ወረደ። አንድ ጊዜ ቆሞ አረፈ። ከዚያ የእርሻውን መንገድ አቋርጦ፣ ውኃ ከማሳው ወደ ወንዙ ወደሚያወርደው የድንጋይ ቦይ ሄደ፤ ከተረተሩ ሁለት መቶ እርምጃ ይርቃል። በቦዩ አፍ ላይ ቀጥ አለ። የፊት ቀኝ እግሩ ከመሬት ተነሣ፤ በእርጅናው ምክንያት ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እዚያ ውኃ እንጂ ምን ይኖራል?» አለ ዴስ። «ይኸው፣ ያው የጥቅምቱ ነገር ነው። ኤዋርት፣ እንሂድ፣ ትውጣ አትውጣ እዚያው ጉድጓዱ ጋ...»

«ዝም በል፣ ዴስ። እየተናገረ ነው።»

ኤዋርት ውርጩ ላይ በሆዱ ተኛ። ቦዩ ውስጥ ጨለማ ብቻ ነው የሚታየው፤ ውኃው በቀጭኑ ይወርዳል። ምግቧን ሲያቀርብላት እንደሚያደርገው የሣጥኑን ክዳን በጥፍሩ ፋቀ። ጠበቀ። እንደገና ፋቀ። ስኪፕ እግሩን አላወረደም።

መጀመሪያ የታየው ጭቃ ነበር። ከዚያ ጭቃው ዐይን አወጣ። ፔግ ግራ ጆሮዋ ተቀድዶ፣ ማሰሪያዋ ከአንገቷ ወልቆ፣ ቀስ ብላ በውኃው ዳር መጣችና እጁ ላይ ወጣች። ኤዋርት ሸሚዙ ውስጥ ከተታት። ገላዋ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር።

ዴስ ጎንበስ ብሎ የስኪፕን የተነሣ እግር በእጁ ያዘና ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠለት። «በቃ፣ ሰምተናል፣ ጋሼ» አለው።

የጥቅምትና የኅዳር ነገር እስከ ዛሬ አልተፈታም። ኤዋርት ምክንያት ሊፈልግለት አልሞከረም፤ ስኪፕ ማርጀቱ እውነት ነው። የመጣው ለውጥ ይህ ብቻ ነው፦ ስኪፕ «አለ» ሲል ቢርዲ ትጠየቃለች፤ «የለም» ሲል ግን ማንም አይጠየቅም። በቀጣዩ ቅዳሜ ዴስ ቀድሞ ደርሶ የኤዋርትን መኪና የኋላ በር ከፈተና አንድ አሮጌ የቢራ ሣጥን ገልብጦ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ኤዋርት።

«ደረጃ ነው» አለ ዴስ። «ላንተ እንዳይመስልህ።»

ስኪፕ ሣጥኑን አሸተተው፣ ረግጦት ወረደ፣ ወደ መጀመሪያው ጉድጓድ ሄደ። ሁለቱ ሰዎች መረቡን ይዘው ከኋላው ቆመው ጠበቁ።