ግማሽ የተበየደው ብረት

ከካማሺ ወደ አሶሳ በሚወስደው ኮረኮንች ላይ የዋሊድ ፒክአፕ ባሌስትራ፣ የኋላውን ክብደት የሚሸከመው ሞላ፣ መያዣው ተሰነጠቀ። ኋላ ወንበር ላይ አባቱ ማህጁብ ሆዳቸውን ይዘው ያቃስታሉ። የካማሺ ጤና ጣቢያ ነርስ «አንጀታቸው ታጥፏል፤ ዛሬውኑ አሶሳ ካልደረሱ አይተርፉም» ብላው ነበር።

ዋሊድ በባትሪ የሚሠራውን ትንሽ የብየዳ ማሽን አውርዶ መኪናው ሥር ገባ። ብረቱ እስከ ግማሽ እንደተያያዘ ብልጭታው ጠፋ።

«ምነው፣ ጨረስክ?» አሉ ማህጁብ።

«ባትሪው አለቀ፣ አባ። ትናንት ጎረቤቱ ሁሉ ስልኩን ቻርጅ ሲያደርግበት...»

«እኔ ነኝ አምጡ ያልኳቸው።» በሕመማቸው መሃል ሊስቁ ሞከሩ። «መብራት የሌለውን ሰው እንዴት እምቢ ይሉታል?»

ዋሊድ መያዣውን በሽቦ ጠፍሮ ገብቶ መሪውን ጨበጠ። ቢፈጥን ብረቱ ይለቃል፤ ቢያዘግም አባቱ አይደርሱም።

«አባ፣ እንዴት ልንዳ?»

«እኔ ተናግሬ፣ አንተ ዕድሜ ልክህን በእኔ ስታመካኝ ልትኖር ነው? ንዳ እንጂ!»

ነዳጅ መስጫውን ረገጠ። ሥር ያለው ብረት ሲጢጥ ሲል ሰማ።

«ወላሂ፣ ይህ መኪናህ ከእኔ የባሰ ታማሚ ነው» አሉ ማህጁብ፣ ድምፃቸው እየደከመ።

ዋሊድ ዞሮ ሊያያቸው ፈራ። እግሩን ግን ከነዳጅ መስጫው ላይ አላነሳም።