ፌርማታ የሌላት አክስቴ

አክስቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት። ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ስለምትውል "ወገብሽ ወንበር ሆኗል" እያልኩ አሾፍባታለሁ። እሷም "ካንቺ ደግሞ የሚሮጠው ምላስሽ ብቻ ነው" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ያን ዕለት አመሻሽ ግን የምትሮጠው እሷ ነበረች፤ እኔ በብስክሌት ከጎኗ።

በመሥሪያ ቤቷ የሴቶች ሩጫ ቡድን ውስጥ አንድ ቦታ ቀርቷል። አሠልጣኙ፣ "ረጅሙን ልምምድ ሳትቆሚ፣ ሳትራመጂ አውቶቡሶቻችን የሚያድሩበት ጋራዥ ከደረስሽ ቦታው ያንቺ ነው። ካልሆነ ለቲኬት ቆራጯ እሰጠዋለሁ" ብሏታል። ሁለቴ ሞክራ ሁለቴም የሆስፒታሉ ዳገት ላይ ቆማለች። የዛሬው የመጨረሻ ሙከራዋ ነው። እናቴ "በዚህ ብርድ ራስሽን ልትገድይ ነው?" ስትላት፣ ሹራቧን እየደረበች "ስንት ዓመት ሙሉ ሰውን ያሰበበት አደረስኩ፤ እስቲ አንድ ቀን እኔ በእግሬ ልድረስ" አለች።

ከመነሳታችን በፊት አስጠነቀቀችኝ።

"አይዞሽ እንዳትይኝ።"

"ምን ልበልሽ ታዲያ?"

"ስደቢኝ። ሰው አይዞሽ ሲለኝ የታመምኩ ይመስለኝና ሆዴ ይባባል። ከዚያ እቆማለሁ።"

ትልቅ ሰው ስደቢኝ ብሎኝ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሥራ ከየት ይገኛል።

በወንዙ ዳር ጀመርን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። "አክስቴ፣ ቀንድ አውጣ ቀደመችሽ፤ ያውም ቤቷን ተሸክማ" አልኳት። "ሂጂ ወዲያ" አለች፣ ግን ሳቀች። የፋብሪካውን አጥር ስናልፍ "ውሻው እንኳ አንቺን ማባረር ታከተው" አልኳት። ትንፋሿን ትቆጥባለች። እርምጃዋ ግን በደንብ እንዳልተዘጋ ቧንቧ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። እኔ ተቀምጬ እየሄድኩ አፍንጫዬ የት እንዳለ ጠፍቶኛል። ይቺ ሴትዮ ከምን ተሠራች እላለሁ በልቤ። አልነገርኳትም እንጂ።

ዳገቱ ሥር ያለው ፌርማታ ላይ ሰዎች ተኮማትረው አውቶቡስ ይጠብቃሉ። አንዲት ትልቅ ሴትዮ አወቀቻት። "ውይ፣ ሾፌራችን አይደለችም እንዴ? አይዞሽ የኔ እናት፣ አይዞሽ።" ሌሎቹም ተቀበሉ። ፌርማታው በሙሉ አይዞሽ በአይዞሽ ሆነ።

አለቀልን አልኩ። የአክስቴ ትከሻ ወረደ፣ አገጯ ተንቀጠቀጠ። ዳገቱ መሃል ስትደርስ ሩጫዋ እርምጃ ሊሆን ምንም አልቀረው። ስድብ ፈለግኩ፣ ያለኝን ጨርሻለሁ። ደግሞስ እንባ ያቀረረ ዓይን እያየ ማን ይሳደባል። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ "ወራጅ አለ" ብዬ ጮህኩ።

"እዚህ አይቆምም" አለች፣ ከሆዷ በወጣ የሾፌር ድምፅ። "ፌርማታ አይደለም።"

"ኧረ ሾፌር፣ አሳለፍሽኝ እኮ።"

"ቀድመሽ አትናገሪም ነበር? ወደ በሩ ተጠጊ፣ ቀጣዩ ላይ ትወርጃለሽ።"

"ቀጣዩ የት ነው?"

"ጋራዥ።"

እንዲህ ስንጨቃጨቅ ዳገቱ አለቀ።

ከዚያ በኋላ አፌን ዘጋሁ። የመንገዱ መብራት ሥር ከራሷ ላይ እንፋሎት ሲነሳ አየሁ። ቁልቁለቱን ሳትንደረደር፣ ሙሉ አውቶቡስ ሰው እንደጫነች ተጠንቅቃ ወረደችው። ፈጣን ሯጭ ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ የሚያምር ሩጫ ግን አላየሁም።

አሠልጣኙ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ጋራዥ በር ላይ ቆሟል። አለፈችው።

"ደርሰሻል እኮ፣ ወዴት ነው?"

ግቢው ውስጥ ገብታ፣ ከተደረደሩት አውቶቡሶች ጎን ስትደርስ ነው የቆመችው። "በር ላይ አላቆምም፣ መንገድ ይዘጋል" አለች እያለከለከች።

አሠልጣኙ ሳቁን መያዝ አቃተው። "ነገ ጠዋት መጥተሽ ማሊያሽን ውሰጂ።"

አክስቴ መሬቱ ላይ ዘፍ አለች። ጣቶቿ ስለደነዘዙ የጫማዋን ክር መፍታት አልቻለችም። ተንበርክኬ ፈታሁላት።

"ምነው ዛሬ ታዛዥ ሆንሽ?" አለችኝ።

"ብርዱ ነው" አልኳት።