ቀስ እያለ የላላ ክር

«ይሄ ጊታር ነው የልብስ ማስጫ ገመድ?»

ባለሱቁ አሮጌውን ጊታር ጭኑ ላይ አጋድሞ ወፍራሙን ክር በአውራ ጣቱ መታው። ክሩ ተርገበገበ እንጂ አልጮኸም፤ ከአንገቱ ብረቶች ጋር እየተላተመ ተንጣጣ።

«ማነው እንዲህ ያላላው?»

«እኔ» አለች የጊታሩ ባለቤት። ቶሎ ብላ ደግሞ፣ «አርጅቷል። ሌላ ልንገዛ የመጣነው ለዚሁ ነው።»

እህቷ ድምፅ ማጉያው ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ታወዛውዛለች። ዘፋኟ እሷ ናት፤ ታናሽየዋ። ሱቁ ውስጥ ቢሞቅም ሻርቧን አላወለቀችም። ከሥሩ የስፌት ጠባሳ አለ።

«እትዬ፣ ቀዩን እይው። ሲያምር!»

«ቀለም አይዘፍንም።»

«አንቺ ደሞ፣ ሰው ደስ ሲለው ካየሽ ያምሻል።»

እህትማማቾቹ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት አንድ ሆቴል ምግብ ቤት ውስጥ ይጫወታሉ። አንድ ጊታር፣ አንድ ድምፅ፣ በቃ። ከሰባት ወር በፊት ከታናሽየዋ ጉሮሮ ዕጢ ወጣ። ዶክተሯ ስትሸኛቸው በር ላይ ቆማ፣ «ድምጿ ከዚህ ከወረደ፣ ከዚህ ከወፈረ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ይዘሻት ነይ» ብላ ነበር። ሁለቱም ሰምተዋል።

ከሦስት ወር በኋላ ታናሽየዋ ወደ መድረክ ተመለሰች። መጀመሪያ በዘፈኑት ዘፈን፣ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ድምጿ ጥሏት ሄደ። ማይኩን ወንበር ላይ አስቀምጣ መጸዳጃ ቤት ገባች፤ በሩን ሰብረው ሊያስወጧት ምንም አልቀራቸውም። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም፣ ከአልጋ አልወረደች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ታናሽየዋ ከንፈሯን ስትቀባ ታላቅየዋ ስድስቱንም ክሮች አንድ በአንድ ላላ አደረገቻቸው። ትንሽ ነው፤ ግማሽ ድምፅ፣ ፒያኖ ላይ ከነጩ እስከ ጥቁሩ ያለችው ታህል። ጣቶቿን አልቀየረችም። እህቷ መግቢያዋን የምታውቀው እነሱን እያየች ነውና ጣት ቢቀየር ትነቃለች። ክር ቢላላ ግን ማን ያያል?

ታናሽየዋ ዘፈነች። ወጣላት። ከመድረክ ሳይወርዱ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት።

«አየሽ! ተመለሰልኝ!»

እስቲ በዚያች ሰዓት እውነቱን የሚናገር ይምጣ።

ከወር በኋላ ሌላ ግማሽ። ከዚያ ሌላ። አራት ወር ውስጥ አምስት ጊዜ። በመሀል የሐኪም ቀጠሮ ሁለቴ አለፈ። «ድምፄ ሰላም ነው፤ ምን ልሠራ ልሂድ? መርፌ ናፍቆኛል እንዴ?» ትላለች ታናሽየዋ። ታላቅየዋ ነገ እነግራታለሁ ትላለች። ነገ ሲመጣ እህቷ እየሳቀች ነው።

ባለፈው እሁድ ግን ክሩ ራሱ እምቢ አለ። ተንጣጣ፤ አንድ ተመጋቢም ሹካውን እንደያዘ ሳቀባቸው።

«ዝቅ ብለሽ መጫወት ከፈለግሽ ይሄን ውሰጂ» አለ ባለሱቁ፣ ጥቁር ሰባት ክር ጊታር ከግድግዳው እያወረደ። «አንገቱን እይው፣ ረዘም ያለ ነው። ክር ሲረዝምና ሲወፍር ወርዶም አይርገበገብም።»

ገመዱን ማጉያው ላይ ሰክቶ ወፍራሙን ክር መታው። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ታናሽየዋ ከማጉያው ላይ ዘላ ወረደች።

«ኧረ ቂጤን ነዘረኝ!»

ሦስቱም ሳቁ። ለታላቅየዋ የሳምንቱ የመጀመሪያ ሳቅ ነበር።

«ስምንት ክርም አለኝ» አለ ባለሱቁ። «የት ድረስ ነው የምትወርዱት?»

«ሰባቱ ይበቃናል።»

«ለዛሬ። ያንቺ ግን አምስት ግማሽ ወርዷል፣ አሁን በመቃኛው አየሁት እኮ። እንዲህ የጀመረ ሰው አይቆምም። ሰባቱን የወሰዱ ልጆች ሁሉ በዓመቱ ለስምንት ይመለሳሉ።»

«ምንድነው የወረደው?» አለች ታናሽየዋ።

«ክሩ ነዋ። አርጅቷል አልኩሽ እኮ» አለች እህቷ።

ባለሱቁ አንዴ ይቺን፣ አንዴ ያቺን አየ። ነጋዴ ነው፤ ነገር ሲሸተው ዝም ማለት ያውቃል። ጊታሩን ለታላቅየዋ አቀበላት።

«ቀጫጭኖቹ ስድስቱ እንደ ማንኛውም ጊታር ናቸው፣ ቅኝታቸውም የተለመደው። አዲሷ ይቺ ወፍራሟ ብቻ ናት።»

«የኛን ዘፈን ጀምሪው፣ ልዝፈንበት» አለች ታናሽየዋ።

ታላቅየዋ ጊታሩን ታቅፋ ቆመች። እጇን ወደ ወፍራሞቹ አስጠግታ ዝቅ አድርጋ ብትጀምረው ውሸቱ ይቀጥላል። ጣቶችሽ የት ሄዱ ብትባል፣ አዲስ ጊታር ነው፣ አያያዙ እንዲህ ነው ትላለች፤ እህቷም ታምናታለች። ዓመት ሳይሞላ ስምንቱን ይገዛሉ። ከስምንቱ በኋላስ? ከዚያ ወዲያ ባለሱቁም የሚሸጥላት ክር የለውም።

እጇን ቀጫጭኖቹ ላይ አሳረፈች። መግቢያውን ከሕመሙ በፊት በሚጫወቱበት ከፍታ ጀመረችው።

ታናሽየዋ ዓይኗን ጨፍና ገባች። የመጀመሪያውን ስንኝ ጎተተችው። ሁለተኛው ላይ ድምጿ ተሰነጠቀ፣ ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ሳል ያዛት። ሻርቧን ጨምድዳ እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ከፍ አደረግሽው።»

«አላደረግሁም። የድሮው ነው።»

«ባለፈው እሁድ ዘፍኜው የለ?»

«ባለፈው እሁድ አውርጄልሽ ነው።»

ባለሱቁ የሚጠርገው ነገር እንዳለ ሁሉ ጨርቅ አንስቶ ወደ ጓዳ ገባ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አራት ወር።»

«አራት ወር!» ዞር ብላ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ጊታሮች የምትቆጥር ይመስል ቆየች። «እኔ እኮ ለእማዬ ድኛለሁ ብዬ ደውያለሁ። አጠገቤ ነበርሽ። ስልኩን ተቀብለሽ አንቺም አወራሻት።»

ታላቅየዋ እጇን ከክሮቹ ላይ አነሳች።

«ስምንቱን ግዢው» አለች ታናሽየዋ።

«ምን?»

«ስምንቱን። ቅዳሜ ሥራ አለን። አንዴ ጀምረሻል፣ ጨርሺዋ። ድምፄ እስኪዘጋ ድረስ አውርጂልኝ።»

ታላቅየዋ ገመዱን ነቀለች። ጥቁሩን ጊታር ወደ ማንጠልጠያው መለሰችው። አሮጌውን ባለሱቁ ጋ ተወችው። ከዚያ ማጉያው ሥር የተቀመጠውን የታናሽየዋን ቦርሳ አነሳች፤ ስልኳም፣ ቁልፏም፣ የሐኪም ካርዷም እዚያ ውስጥ ነው። ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በሩን ከፈተች።

«የት ነው? ቦርሳዬን! እትዬ!»

አልዞረችም። ወደ ሆስፒታሉ የሚሄደው አውቶቡስ የሚቆመው ከመንገዱ ማዶ ነው። መንገዱ ዳር ቆማ ከኋላዋ የሱቁ በር እስኪንጓጓ ጠበቀች፤ የእህቷን ስድብ ስትሰማ ተሻገረች።