አሥር መርፌ

ጫማ ሰፊው ዛሬም ሰላም ሳይላት አለፈ። ልብስ ሰፊዋ የክሩን ጫፍ በምራቋ አርሳ መርፌውን ወደ መስኮቱ አቀናች፤ ክሩ በግራም ሄደ በቀኝም ሄደ፣ ቀዳዳውን ግን አላገኘውም። ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ወዲህ በየማለዳው አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብቶ የሚደረድርላት ይኸው ጎረቤቷ ነበር። ኩርፊያ ደግሞ የእሱ አመል አልነበረም።

"አክስቴ፣ ግማሹ ሞላ እኮ!" አለች የእህቷ ልጅ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል።

ለዓይኗ ማሳከሚያ ገንዘብ የሚለገስበትን የኢንተርኔት ገጽ ባለፈው ሳምንት የከፈተችላት እሷ ናት። ፎቶ አለበት፣ የሐኪም ወረቀት አለበት፣ ከሥሩ ደግሞ ሰጪው የሚጫነው ቁልፍ። ማንም ካለበት ሆኖ ይልካል፣ መልካም ምኞቱም እዚያው ይወጣል። የተሰበሰበውን ገንዘብ የሚያሳየው አረንጓዴ መስመር እስከ ወሩ መጨረሻ ከሞላ ዓይኗ ይሠራል፤ ካልሞላ የቀዶ ጥገናው ተራ ለሌላ ያልፋል።

"እስቲ የጻፍሽውን አንብቢልኝ።"

ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። "'ጧሪ ቀባሪ የሌላት፣ ዞር ብሎ የሚያያት ሰው ያጣች...'"

"ማን ነው ያጣው? እኔ?"

"እንዲህ ካልተባለ ሰው አይሰጥም። መጀመሪያ እውነቱን ጽፌ፣ በሦስት ቀን የሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከትናንት ወዲያ ቀየርኩት።"

ጫማ ሰፊው መምጣት ያቆመውም ከትናንት ወዲያ ነው። ልብስ ሰፊዋ መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ያ አንድ ሰው ማን ነው?"

"ስሙን አልጻፈም። 'ዓይንሽ በራ ማለት እኔ ሥራ ፈታሁ ማለት ነው' ይላል።"

ሳቋ መጣ፤ ከሳቁ ጋር ዕንባዋም መጣ። "እሱ መርፌዬን እያዘጋጀ፣ አንቺ ምሳዬን እያመጣሽ፣ እኔ ሰው የሌለኝ ሆንኩ? በአደባባይ ካድኩት እኮ!"

"ባጠፋው መስመሩ ይቆማል፣ አክስቴ። ተራሽም ያልፋል።"

"ይለፍ። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ሲሉ አልሰማሽም? መድኃኒቴን ነው ያስቀየምሽብኝ።" ትንሽ አሰበች። "'በየማለዳው አሥር መርፌ ላይ ክር የሚያስገባልኝ ጎረቤት አለኝ፤ እሱን እንዳሳርፈው አግዙኝ' ብለሽ ጻፊ። ተታለልኩ ያለም ካለ ገንዘቡን መልሺለት።"

ልጅቷ በረጅሙ ተንፍሳ መጻፍ ጀመረች። ልብስ ሰፊዋ መርፌዎቿንና የክሩን ጥቅል ያዘች፤ ግድግዳውን እየዳበሰችም ወደ ጎረቤቷ በር ሄደች።

"አንተ አኩራፊ፣" አለችው መርፌዎቹን ጭኑ ላይ እያስቀመጠች፣ "ገና ከሥራ አላሰናበትኩህም።"