ለጀማሪ የተመረጠ ዘንግ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ኦፓል ደግሞ እየጠረጠርኩ ነው ያረጀሁት። አላባማ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር፣ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ እየሸጠ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ሁሉን ቢያምን ኖሮ ሱቁን ድሮ ይዘጋ ነበር። እዚህ አገር ሰው ስለ ትዳሩ፣ ስለ ኃጢአቱ ሳይቀር ይነግራችኋል፤ ባስ የሚባለውን ዓሣ የት እንደያዘው ከጠየቃችሁት ግን ዓይን ዓይናችሁን እያየ ይዋሻል። በትልልቆቹ ውድድሮች ያሸነፈውን ሰው እንኳ ሽልማቱን ሳይሰጡት በፊት ውሸት የሚያጋልጥ ማሽን ላይ ያስቀምጡታል። አንዳንዱ በዚህ ይስቃል፤ እኔ ግን ደግ አደረጉ ነው የምለው።

ስለዚህ ሆይት ቀኝ እጁን ጃኬት ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ወደ ሱቄ ሲገባ መጀመሪያ ያየሁት ኪሱን ነው። ቀኑ ይሞቅ ነበር፤ ጃኬት የሚያስለብስ ብርድ አልነበረም። ከኋላው ዴልመር ገባ። ሁለቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ጥንድ ሆነው የሚወዳደሩ ናቸው። ጀልባው የሆይት ነው፤ ከፊት ቆሞ የሚነዳውም፣ መንጠቆውን ቀድሞ የሚወረውረውም እሱ ነው። ዴልመር የራሱን ጀልባ ሚስቱ የታመመች ጊዜ ሸጦታል። ሚስቱም አልተረፈችለትም፤ እና አሁን ከሆይት ጀልባ የኋላ ወንበር በቀር ጠዋት ከአልጋው የሚያስነሳው ነገር አልነበረውም።

ሆይት ለጀማሪ የሚሆን የማጥመጃ ዘንግ እፈልጋለሁ አለ። ለማን እንደሆነ ስጠይቀው፣ “ለአንድ ሰው ነው” አለኝ። ይህን ሲል ዴልመርን አላየውም።

የዴልመር ፊት ጠቆረ። ምክንያትም ነበረው። ሆይት ወገቤን አሞኛል ብሎ ጀልባውን ሸራ አልብሶ ከሐይቁ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ውድድሩ ደግሞ እየደረሰ ነው። የሆይት ልጅ በቅርቡ አንድ የበርሚንግሃም ጎረምሳ አግብታ ነበርና፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የሚወራው ሆይት የኋላውን ወንበር ለአማቹ ሊሰጥ ነው የሚል ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢባልም ይሄ ወሬ ዴልመር ዘንድ ደርሷል። ያደረስኩት እኔ ነኝ። ነገር የሸተተው ወዳጅ ለወዳጁ ይናገራል፣ ሌላ ምን ያደርጋል?

“አንተው ምረጥለት” አለው ሆይት። “ከዚህ በፊት ወርውሮ ለማያውቅ ሰው የሚሆነውን።”

ለጀማሪ የሚሰጠው ዘንግ ይታወቃል። ከሰው ቁመት ብዙም የማይበልጥ፣ ጫፉ ለስለስ ያለ፣ ክሩ የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛው ከበታቹ የተንጠለጠለ ነው፤ ሲወረወር ክሩ በራሱ ይፈታል። ሌላኛው ዓይነት ማጠንጠኛ ግን ከዘንጉ በላይ ይቀመጣል። እሱን የሚወረውር ሰው ክሩን በአውራ ጣቱ እየገታ ካልለቀቀው ክሩ እንደ ወፍ ጎጆ ይተበተባል። ያንን መልመድ ዓመታት ይፈጃል፤ ለጀማሪ መስጠት መንዳት ለማያውቅ ሰው የጭነት መኪና ቁልፍ እንደ ማቀበል ነው።

ዴልመር መደርደሪያው ፊት ቆመ። እጁ መጀመሪያ ወደ ለስላሳው ዘንግ ሄዶ ነበር፤ አይቼዋለሁ። ከዚያ መለሰውና ጥግ ላይ የነበረውን፣ እንደ አጥር እንጨት የደረቀውን፣ ማጠንጠኛው ከላይ የሆነውን አወረደ። ከከባዱ የጀመረ ሰው ሌላው አይከብደውም ብሎም አስረዳ። ያ ጎረምሳ ክር ተተብትቦበት ሲራገም በዓይነ ሕሊናው እያየው እንደነበር ከፊቱ አነበብኩ። መናገር እችል ነበር፤ ግን ሆይትም የሚደብቀው ነገር ያለ መሰለኝና አፌን ያዝኩ።

ሆይት ዘንጉን አየ፣ ዴልመርን አየ። “ይሄ ነው ለጀማሪ?”

“ይሄ ነው።”

“ካልክ እሺ” ብሎ በግራ እጁ ተቀበለው፤ በሩንም በትከሻው ገፍቶ ወጣ። ቀኙ ከኪሱ አልወጣም። እኔ ሞኟ ከመደርደሪያዬ አንድ ነገር አንስቶ የከተተ መሰለኝ። እንደ ወጡ ዕቃዎቼን አንድ በአንድ አየሁ። የጎደለ አልነበረም፤ ያም ቢሆን አላሳመነኝም።

ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ሆይት ብቻውን ተመለሰ። ዘንጉን ከምሸጠው የተቀቀለ ኦቾሎኒ ድስት አጠገብ አጋደመው። ክሩ ማጠንጠኛው ላይ እንዳለ ተተብትቦ፣ ጫፉ ከየት እንደሚጀምር እንኳ አይታወቅም ነበር። ፍቺልኝ አለኝ።

“አማችህ እጅ የለውም?” አልኩት ለነገር።

ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አራቱን ጣቶቹን አጠፋቸው፤ አውራ ጣቱ ግን የሌላ ሰው ይመስል ተጋድሞ ቀረ። አንድ ጠዋት ጢሙን ሲላጭ ምላጩ ከእጁ ወደቀ፤ ሐኪሙ ትንሽ ስትሮክ ነው አለው። ከዚያ ወዲህ ጎተራው ጀርባ ካለው ኩሬ ዳር ቆሞ፣ ሰው እንዳያየው እየተሸሸገ፣ በግራ እጁ መወርወር ሲለማመድ ሰንብቷል። ጀማሪው እሱ ራሱ ነበር።

ኪሱን ስጠብቅ መሰንበቴ አሳፈረኝ። ግን ያው እኔ ነኝና ወዲያው ሌላ ነገር ከነከነኝ። ይሄ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያጠመደ ነው፤ ያ ዘንግ የጀማሪ እንዳልሆነ እንዴት አጣው? ይህንኑ ጠየቅኩት። አፉን ሊከፍት ሲል በሩ ተከፈተና ዴልመር ገባ።

ዴልመር የተተበተበውን ክር አየ። ከዚያ የሆይትን እጅ አየ። ሆይት እጁን ወደ ኪሱ አልመለሰውም።

“ምን ሆነህ ነው?” አለው ዴልመር።

“አታውቅም?”

“ከየት ልወቅ?”

ሆይት ዘንጉን ወደ እሱ ገፋ አደረገው። “የጀማሪ ዘንግ የቱ እንደሆነ ካንተ እኩል አውቃለሁ፣ ዴልመር። ያን ቀን አንተን እንጂ ዘንጉን አልነበረም የማየው። ለማታውቀው ሰው ደህናውን ብትመርጥለት እዚያው እጄን አሳይህ ነበር። አንተ ግን ይሄን አነሳህ። አሃ፣ ስለ እጄ ሰምቷል፤ ‘በቃህ’ ሊለኝ ነው አልኩ። እልህ ያዘኝ። በሰጠኝ እለምዳለሁ አልኩ።”

ዴልመር ባርኔጣውን አወለቀ። “እኔ ለአማችህ መስሎኝ ነው። ወንበሬን ሊወስድብኝ ነው ብዬ፣ እንዲተበተብበት ነው የመረጥኩት።”

“ያ ልጅ? ዓሣ ገና ሲሸተው ያስመልሰዋል። ማን ነው እንዲህ ያለህ?”

ዴልመር ወደ እኔ ላለማየት መሬት መሬት አየ። በዚያው ሆይት ገባው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ክሩን መፍታት ጀመርኩ።

ይቅርታ የሚል ቃል ከማንም አልወጣም። ዴልመር ለስላሳውን ዘንግ አወረደ፤ የማጠንጠኛውን እጀታ ከግራ በኩል ፈትቶ፣ ሆይት በቀሩት የቀኝ እጁ ጣቶች እንዲያዞረው በቀኝ በኩል ገጠመው። መንጠቆ አሰረበት፣ መንጠቆው ላይም የላስቲክ ትል ሰካ። “ና” አለው። ከሱቄ ጀርባ ወደ ሐይቁ ወደ ገባው የእንጨት መድረክ ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

እዚህ ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ከጀማሪ ኋላ አይቆምም። ከሰው ጆሮ፣ ከሰው ቅንድብ መንጠቆ ነቅዬ አውቃለሁ። ዴልመር ግን ባርኔጣውን ሳያደርግ ሄዶ ልክ ከሆይት ጀርባ ቆመ።

“ዞር በል፤ መንጠቆው ያገኝሃል” አለው ሆይት።

“ወርውር።”

“ይሄ እጅ ወዴት እንደሚልከው አላውቅም።”

“እኔም አላውቅም። ወርውር።”

ሆይት አንገቱን አዙሮ አየው። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ከቃሉ በስተጀርባ ሌላ ነገር የሚፈልግ ሰው አስተያየት ነው። ከዚያ ፊቱን ወደ ውሃው መልሶ ዘንጉን በግራ እጁ ወደ ኋላ አነሳ። መንጠቆው በዴልመር ጆሮ አጠገብ ሽው ብሎ አለፈ። ዴልመር ዓይኑን ጨፈነ፤ እግሩን ግን አላነቃነቀም። የላስቲክ ትሉ ሕፃን ድንጋይ የሚወረውረውን ያህል እንኳ ሳይርቅ ውሃው ላይ ጠብ አለ።

“ድገመው” አለ ዴልመር። ዓይኑን ገና አልገለጠም።