ቅቤ እስኪገባ

የሳልም ሱቅ ከገበያው በላይ፣ መንገዱ ወደ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሲታጠፍ ነበር። ሌሎቹ ዐረቦች ጨርቅና ላምባ ሲሸጡ እሱ የሚሸጠው ቅመምና ሻይ ብቻ ነው። ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ሄል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከሱዳን የሚመጣ ቀይ የከርከዴ አበባ፣ በቆርቆሮ የታሸገ የሴሎን ሻይ። በበሩ የሚያልፍ ሰው ሳይገባ ያስነጥሰዋል። በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በሁዳዴ ጾም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደዚያ ሱቅ እሄድ ነበር።

ከአዲስ አበባ ኮሌጅ ጨርሼ ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩት በዚያው ዓመት ነው። የምኖረው የእናቴ ታላቅ እኅት ከሆኑት ከእትዬ የብርጓል ጋር ነበር፤ ቅመሙንም የምገዛው ለሳቸው ነው። ራሳቸው ሄደው የማይገዙበትን ምክንያት ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

እትዬ የብርጓል ወጥ ሠሪ ነበሩ። ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለክርስትና ይጠራሉ፤ ስማቸውን ያስጠራው ግን የፋሲካ ወጥ ነው። የፋሲካ ወጥ የሚሠራው ቅዳም ሹር፣ ጾሙ ገና ሳይፈታ ስለሆነ ሠሪዋ መቅመስ አትችልም። በሌላው ቤት ሕፃን ልጅ ጠርተው ያስቀምሳሉ፤ ለሕፃን ደግሞ ሁሉም ነገር ወይ ያቃጥለዋል ወይ ይጣፍጠዋል። እትዬ የብርጓል ሕፃን አያስጠሩም። ክዳኑን ከፍ አድርገው እንፋሎቱን በእጃቸው ወደ ፊታቸው ይሰበስቡና ዐይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ይቆያሉ። ከዚያ "በርበሬው ገና ነው" ይላሉ፤ ወይም "ጨው ጨምሩ።" ጨው ደግሞ እንዴት ይሸታል ብለው የሚከራከሩ ነበሩ፤ ወጡን ሲበሉ ግን ክርክሩን ይተዉታል። የፊታውራሪ አድማሴ ቤት የፋሲካን ወጥ ለሌላ ሰው ሰጥቶ አያውቅም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እትዬ የብርጓል በከተማው የሚታወቁትም የሚኖሩትም በዚህ ነበር።

በቅበላ ሳምንት ከባድ ጉንፋን ያዛቸው። ሰው ሁሉ ሥጋውንና ቅቤውን ሲሰናበት እሳቸው ጋቢ ተከናንበው አጥሚት ሲጠጡ ሰነበቱ። ከዚያ ተነሡ፤ ሳሉም ለቀቃቸው። ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚያርር ምስር ከአጥሩ ውጭ ሸተተኝ። ሮጥ ብዬ ስገባ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ስንዴ ይለቅማሉ። ድስቱ ይጨሳል፤ እሳቸው ከስንዴው ቀና አላሉም።

"እትዬ፣ ምስሩ!"

"ምስሩ ምን ሆነ?"

"አረረ እኮ!"

መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ድስቱን አዩ። ክዳኑን ከፍተው ፊታቸውን ወደ ጭሱ አስጠጉ። ዐይናቸው እንባ እስኪሞላ ድረስ እንደዚያው ቆዩ።

"በሞቴ አንሙት፣ ለሰው እንዳትናገር" አሉኝ።

አልተናገርኩም። ጨውን ምላሳቸው ያውቀዋል፤ ስኳርን ያውቀዋል፤ በርበሬም ያቃጥላቸዋል። ከዚያ ያለፈው ሁሉ ጠፍቷል። የሚበሉት ሽሮ እንደ ጭቃ ሆነባቸው። ግን አንድ መጽናኛ ነበራቸው። "የጾም ወጥ ለጤነኛስ መቼ ይጣፍጣል?" ይሉ ነበር። "ከጉንፋኑ ወዲህ ቅቤ አልቀመስኩ። ቅቤ ሲገባ ይመለሳል።" እስከዚያው ድረስ አፍንጫቸው ተኝቷልና የሚቀሰቅሰው ብርቱ ነገር ይፈልጋል አሉ። የወጥ ቤታቸውን ቅመም ሁሉ ሞክረው ሲያበቁ እኔን ወደ ሳልም ላኩኝ።

መጀመሪያ ቅርንፉድ አመጣሁ። አኝከውት "ድዴን አደነዘዘኝ" አሉ እንጂ ሌላ አላሉም። ቀጥሎ ያመጣሁት ሰናፍጭ አስለቀሳቸው፤ ለቅሶው ተስፋ ሰጥቷቸው ቀኑን ሙሉ ሲያሸቱት ዋሉ። ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥረው ትራሳቸው ሥር አደረጉ። ማታ ማታ፣ ከጾሙ ሰዓት በኋላ፣ ሻይ እናፈላለን፤ አንድ ቀን በቀረፋ፣ አንድ ቀን በዝንጅብል። ከርከዴውን ብርጭቆ ውስጥ ወደ ኩራዙ አስጠግተው ብዙ አዩት።

"ቀለሙ ያምራል" አሉ።

"ጣዕሙስ?"

"ይኮመጥጣል።" ብርጭቆውን አስቀመጡ። "ሆምጣጤም ይኮመጥጣል።"

በጾሙ አጋማሽ አንድ ቅዳሜ የተጠቀለለች ወረቀት ይዤ ገባሁ፤ ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ጀርባቸውን ሰጥተው እሳት ያያይዙ ነበር። ወረቀቱን ፈትቼ አጠገባቸው እንዳደረስኩ ሳይዞሩ "ሄል ነው" አሉ።

"ሸተተዎት! እትዬ፣ ሸተተዎት እኮ!"

እሳቱን እፍ አሉት። ከዚያ ቀስ ብለው "ስትፈታው ሲንኮሻኮሽ ሰማሁት" አሉኝ። "ቅርንፉድ እንደሱ አይንኮሻኮሽም። ልዋሽህ ነበር፤ ደስታህን ስሰማ ተውኩት።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳልም ሚዛኑን ሳያነሣ ጠበቀኝ። ሽማግሌ ነው፤ ጎጃም ከመጣ ብዙ ዘመኑ ነው፤ አማርኛውም የአገር ሰው አማርኛ ነው።

"መምህር፣ ዛሬ ደግሞ የቱን ትወስዳለህ?"

"ከሁሉ የሚሸተውን።"

"ሚስት የለህም። ድግስ የለህም። ሁልጊዜ ትንሽ ትንሽ፣ ሁልጊዜ ሌላ ዓይነት።" ጢሙን አሻሸ። "ቤት ውስጥ አፍንጫው የጠፋበት ሰው አለ።"

ማን እንደሆነ ግን አልጠየቀኝም። ወደ ጓዳ ገብቶ ገውዝ የሚሉትን ክብ ፍሬ ይዞ ወጣ፤ በቢላ ፋቅ አድርጎ ከሻይ ጋር እንዲፈላ ነገረኝ።

"ይህ ይመልስለታል?"

"እኔ የምሸጠው ሽታ ነው እንጂ አፍንጫ አይደለም" አለ። "ወንድሜን በአገራችን በሆዴይዳ ሳለ እንደዚሁ አድርጎት ነበር። በስንት ጊዜው ተመለሰለት። የአጎቴን ሚስት ደግሞ እስክትሞት አልተመለሰላትም። ስለዚህ ብዙ አትግዛ። ነጋዴ ሆኜ እንዲህ ስልህ እመነኝ።"

ለእትዬ የወንድሙን ብቻ ነገርኳቸው። ገውዙም እንደሌሎቹ ሆነ።

የሆሳዕና ዕለት አይናዲስ መጣች። አይናዲስ በፊታውራሪ ቤት ከእትዬ ሥር ሆና ወጥ የተማረች፣ ሳቂታ ሴት ናት። ጣቷ ላይ የዘንባባ ቀለበት አድርጋለች፤ በሌላው እጇ ትንሽ ገንቦ ይዛለች። ገና ከመግባቷ አየሩን አሸተተች።

"ኧረ እትዬ! ቤቱ የዐረብ ሱቅ ሆነ እኮ! ሊያገቡ ነው እንዴ? ሙሽራው ሳልም ነው?"

"አንቺን ልድር ነው እንጂ። ቆመሽ ቀረሽ።"

"እኔንማ ማን ያገባኛል፤ ሁልጊዜ ሽንኩርት ሽንኩርት እሸታለሁ።" ሳቀችና ገንቦውን አቀረበች። "እመቤቴ ቅቤ አንጥረው ነበር። ለቅዳሜ ይሆን እንደሆነ የብርጓል ታሽትልኝ ብለው ነው።"

እትዬ ገንቦውን ተቀበሉ። ክዳኑን ከፈቱ፤ ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ እንደ ድሮው ትንሽ ቆዩ። እኔ ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ።

"መልካም ነው" አሉ። "ኮሰረቱ ትንሽ በዝቷል።"

አይናዲስ ቀና ብላ እትዬን አየቻቸው። ቀለበቷን አዞረች። "እሺ፣ እነግራቸዋለሁ" ብላ ገንቦውን ከደነች። ስትወጣ አልሳቀችም።

ገና አጥሩን ሳታልፍ እትዬ እጄን ያዙኝ። "ሸቶሃል አይደል? ኮሰረቱ እንዴት ነበር?"

"ጥሩ ይሸት ነበር።"

"ጥሩ ማለት ምን ማለት ነው! ኮሌጅ ያስተማሩህ ጥሩ ማለትን ነው?" ጮኹብኝ። ወዲያው ደግሞ ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀመጡ።

"ለነፍስ አባትዎ ቢነግሯቸውስ?" አልኩ። "ወይም ዘንድሮ አሞኛል ብለው ቢቀሩስ?"

"ምን ልበላቸው? ለፊታውራሪ ወጥ ስል ጾም ፍቱልኝ? እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል? ደግሞ ዘንድሮ ብቀር ለሚመጣው ዓመት የሚጠራኝ ማን ነው?" ከልጅነታቸው ጀምሮ አክፍሎት የሚያከፍሉ ሴት ናቸው፤ ከስቅለት ዋዜማ ጀምሮ ፋሲካ እስኪሆን ውሃ እንኳ አይቀምሱም። "ቅዳሜ ቅቤው ሲገባ ይሸተኛል። በትኩሱ ወጥ ላይ ሲያርፍ፣ ያኔ እንኳን አፍንጫ ድንጋይም ይሸተዋል።"

ቅዳም ሹር ከማለዳው ደመና ነበር፤ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ አጥሩን ያንኳኳል። እትዬ ቄጠማቸውን በራሳቸው ላይ አስረው በጠዋት ወጡ። ኮረሪማውን ረስተውት ስለነበር ከሰዓት በኋላ ይዤላቸው ሄድኩ። የፊታውራሪ ወጥ ቤት ሰፊ ነው። ድስቶቹ በጉልቻ ላይ ተደርድረው፣ በየራሳቸው ቄጠማ ያሰሩ ሴቶች ዙሪያውን ቆመው አገኘሁ። ቅቤው የገባው በዚያች ቅጽበት ነው። ሽታው በሩ ላይ ያዘኝ። ሁለት ወር ሙሉ ጾሜ ነበር።

ሴቶቹ ሁሉ እትዬን ያያሉ። እትዬ እንፋሎቱን በእጃቸው ሰበሰቡ። ዐይናቸውን ጨፈኑ። ቆዩ። ከሌላው ጊዜ ይልቅ ብዙ ቆዩ። አንዷ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"እናንተ ውጡና ሳሕኑን እጠቡ" አሉ ዐይናቸውን ሳይገልጡ። "ስትከቡኝ አየሩን ትወስዱብኛላችሁ።"

እየሳቁ ወጡ። ኮረሪማውን ልሰጣቸው ገባሁ። አላዩኝም፤ ወይም አይተው ግድ አላላቸውም። በማማሰያው ጫፍ ከወጡ ጨልፈው መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉ። ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ አማተቡ፤ ከዚያ መዳፋቸውን ላሱት።

ጀርባቸውን ብቻ ነው የማየው። ቄጠማው ከነጠላቸው ላይ ወርዶ ተንጠልጥሏል።

"እትዬ?" አልኩ።

"ጨው አለው" አሉ። "ያቃጥላል።" ምራቃቸውን ዋጡ፤ እንደገና ዋጡ። "ቅቤው የለም።"

"አሁን ጨመሩት እኮ።"

"አውቃለሁ። በእጄ ነው የጨመርኩት።"

ስዞር አይናዲስ ማሰሮ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላውቅም። የእትዬ መዳፍ ገና ቀይ ነበር፤ እትዬም አልደበቁትም።

"ነይ" አሏት። "አሽትቺው።"

"እኔ? እርስዎ እያሉ?"

"ነይ ስልሽ።"

አይናዲስ ማሰሮውን አስቀምጣ ቀረበች። እንፋሎቱን እንደ እትዬ አድርጋ በእጇ ሰበሰበች፤ ከሳቸው ነው የተማረችው። "በርበሬው ጥሬ ጥሬ ይላል" አለች፣ የሰው ምስጢር የምትናገር ይመስል ድምፅዋን በጣም ዝቅ አድርጋ። "ኮረሪማውም ገና አልገባም።"

"እንግዲያው አብስይው" አሉና ማማሰያውን ሰጧት። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። እመቤቲቱን አልተሰናበቱም።

ተከትዬያቸው ስወጣ አይናዲስ እጅጌዬን ያዘችኝ። "ያ ቅቤ ኮሰረት የሚባል አልነበረበትም" አለችኝ። "እመቤቴ አልቆባቸው ያለሱ ነው ያነጠሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቄያለሁ።"

"ለማን ነገርሽ?"

"ለማን እነግራለሁ? እስከ ቅዳሜ ይመለስላቸዋል ብዬ ስለት ተስዬ ነበር።" ዐይኗ ከጭሱ ይሁን ከሌላ ነገር ቀልቷል። "ሂድ፣ ብቻቸውን አይሂዱ።"

መንገዱ ላይ ደረስኩባቸው። ከየቤቱ ጣሪያ ጭስ ይወጣል፤ ከተማው በሙሉ ሽንኩርትና ቅቤ ይሸታል። ሲራመዱ እንደ ሌላው ጊዜ ሰው ሰላም አይሉም። ከአንድ አጥር አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ።

"አሁን ይሸታል?"

"ይሸታል፣ እትዬ።"

"የማን ቤት?"

"የሁሉም።"

ራሳቸውን ነቀነቁና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ቤት ስንገባ መሽቶ አልነበረም። በአክፍሎት ያለ ሰው በዚያ ሰዓት ውሃ አይቀምስምና እንዲያርፉ መደቡን አነጠፍኩላቸው። አልተኙም። ቄጠማውን ከራሳቸው ፈትተው እንዳይረገጥ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ሰኩት።

"አንሙት፣ ሻይ አፍላልኝ" አሉ።

"አክፍሎትዎስ?"

"አይተሃል እኮ።"

እሳት አያያዝኩ። ውሃውን ጣድኩ። የሳልም ወረቀቶች በመደርደሪያው ላይ እንደተደረደሩ ነበሩ፤ ቅርንፉዱ፣ ቀረፋው፣ ሄሉ፣ ያላለቀው ገውዝ። እጄን ዘርግቼ የትኛውን ልጨምርበት ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ምንም አትጨምር" አሉ። "ትኩስ ይሁን ብቻ።"