ከየገጹ ጫፍ የተቆረጡት ዘፈኖች

ሶዶ ውስጥ የሰባት ቀለም ባንድን ካሴት የማያውቅ ሰው የለም። ሚኒባሱ ያጫውተዋል፣ ፀጉር ቤቱ ያጫውተዋል፤ ዘፈን ኃጢአት ነው የሚሉ ጎረቤቶቼ እንኳ ልብስ ሲያጥቡ ዜማውን ሲያንጎራጉሩ ሰምቻለሁ። በዚያ ካሴት ላይ ሁለት የወላይትኛ ዘፈኖች እንዳሉ ግን የሚያውቅ አልነበረም። በየስብሰባው «ቋንቋችን፣ ባህላችን» ሲባል እጁ እስኪቀላ የሚያጨበጭብ ከተማ፣ በገዛ ቋንቋው የተዘፈነለትን አልሰማም!

የዘፈኗቸው ጋሼ ዱባለ ናቸው። ባንዱን ትተው እዚሁ ሶዶ፣ ኦቶና ሰፈር ከገቡ ወዲህ ጎረቤቴ ናቸው። ባንዱ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ በዓል ሶዶ መጥቶ እንደሚዘፍን ሲሰሙ፣ «በከተማዬ አንድ ጊዜ ልዝፈናቸው» ብለው ለሥራ አስኪያጁ ለሐብተማርያም ደወሉ። ሐብተማርያም ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሕዝቡ የማያውቀውን ዘፈን መድረክ ላይ አላወጣም። ሕዝቡ ከጠየቀ እናያለን።»

ደሜ ፈላ። ዋናውን ካሴት ከጋሼ ዱባለ ተቀብዬ ወደ ቡሽራ ሙዚቃ ቤት ገሰገስኩ። የከተማው ካሴት ሁሉ የሚቀዳው እዚያ ነው።

«ቡሽራ፣ እነዚህን ዘፈኖች የት አደረስካቸው?»

«ቲቸር፣ መጀመሪያ ሰላም በለኝ እንጂ! ሌባ አስመሰልከኝ እኮ።»

«ሰላም። የት አደረስካቸው?»

ካሴቱን አገላብጦ አየና ሳቀ። «የየገጹ መጨረሻ ላይ ናቸዋ! ዋናው ካሴት ረጅም ነው፤ እኔ የምቀዳበት ባዶ ካሴት ባለ ስልሳ ደቂቃ ነው። ሲያልቅ ያልቃል። እንደ ጨርቅ አልቀጥለው!»

«ታዲያ ከተማው በሙሉ አንተ ከቆረጥክ የተረፈውን ነው የሚሰማው?»

«አንድም ሰው ጎደለብኝ ብሎ አልመጣም። እናንተ ወላይታዎቹ ያልጠየቃችሁትን እኔ የስልጤ ልጅ ልጠይቅላችሁ?»

ይባስ የተናደድኩት እውነቱን ስለሆነ ነው።

«እንግዲያው ገልብጠው» አልኩት። «ከዛሬ ጀምሮ በየገጹ መጨረሻ ካለው ዘፈን ተነስተህ ቅዳ።»

«ዝነኞቹ ዘፈኖች ሊቆረጡ? ደንበኛ ይሰድበኛል።»

«ወደ እኔ ላካቸው። መሳደብ እኔም አያቅተኝም።»

«እሱንስ ሰፈሩ ያውቃል» አለና የአዲስ ካሴት ላስቲክ ቀደደ።

ቡሽራ አንዴ ከጀመረ ግማሽ ልብ አያውቅም። በሩ ላይ የሰቀለውን ድምፅ ማጉያ ወደ ገበያው አዞረ። ሁምቦ ለሚመላለሱ ሚኒባሶች ካሴቱን በነፃ አደለ። «የምወደው ዘፈን የት ገባ?» ብሎ ለመጣ ሁሉ፣ «እሱን ጠገብከው፤ አሁን ይሄን ስማ!» እያለ መለሰ። በሁምቦ ደረቅ ኮረብታ ሥር ቆማ ዝናብ ስለምትጠብቅ ሴት የሚናገረው ዘፈን መጀመሪያ በሹፌሮቹ፣ ከዚያ በሽንኩርት ሻጮቹ አፍ ገባ። ጋሼ ዱባለ ገበያ መሐል ድምፃቸውን ሰምተው ቆሙ። ተደሰቱ ስል፣ «ያኔ ሳል ይዞኝ ነበር» አሉኝ።

በዓሉ ደረሰ። ስታዲየሙ ጢም ብሏል። ሐብተማርያም እኔንና ጋሼ ዱባለን መድረኩ ሥር አስቆመን።

«ጋሼ፣ የክብር እንግዳ ሆነው ከፊት ይቀመጡ።»

«እዚህ አገር እንግዳው አንተ ነህ» አሉት።

ባንዱ የታወቁትን ዘፈኖች ተጫወተ። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ጨፈረም። ፋታ ሲገኝ ግን ከሹፌሮቹ ወገን አንድ ድምፅ የሁምቦዋን ሴት ዘፈን አነሳ፤ ሌላው ተቀበለ፤ ወዲያው የስታዲየሙ አንድ ጎን በሙሉ ያዜም ጀመር። ሐብተማርያም ወደ ጊታር መቺው ዞረ። ጊታር መቺው ትከሻውን ሰበቀ፤ ዜማውን ረስቶታል። የራሳቸውን ዘፈን!

ጋሼ ዱባለ ማንንም ሳያስፈቅዱ መድረኩ ላይ ወጡ። ያለ ጊታር፣ በከበሮ ብቻ ዘፈኑት፤ አዝማቹን ሕዝቡ ወሰደላቸው። ሲያበቁ ሐብተማርያም ፈገግ ብሎ ማይክሮፎኑን ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሕዝቡ ጠየቀ፣ ተዘፈነ። በቃ።»

ማይክሮፎኑን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

«ሁለት ናቸው» አሉና ሁለተኛውን ጀመሩ።